የዝናቡን ቀን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱንም ንገሩን፦ ከጅማ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ ለጅማ ከተማና ለዙሪያ ወረዳዎች የሳምንቱን የአየር ትንበያ ለምታዘጋጁ፣ በሬዲዮ ለምታነቡ፣ በየቀበሌው ለምታስተላልፉ፤ እንዲሁም ትንበያውን ሰምታችሁ ውሎአችሁን ለምትወስኑ ነዋሪዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ ስለ ክረምቱ ነጎድጓዳማ ዝናብና ስለ ሳምንታዊው ትንበያ አነጋገር

"በሚቀጥሉት ሰባት ቀናት በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ የአገሪቱ ክፍሎች ነጎድጓድና መብረቅ የቀላቀለ፣ ከመካከለኛ እስከ ከባድ መጠን ያለው ዝናብ ይጠበቃል።" በየክረምቱ የምንሰማው ከዚህ ብዙም አይርቅም። ስህተት የለበትም። በሐምሌ ወር ስለ ጅማ እንዲህ ብሎ የተናገረ ሰው መሳሳትም አይችልም፤ ጭንቀታችንም እሱ ነው። መቼም የማይሳሳት ትንበያ ለማንም ምንም አይወስንለትም። ማሳውን አለስልሶ ጤፍ ሊዘራ የተዘጋጀ ገበሬ፣ ለሐሙስ ገበያ ሂርማታ ዕቃ የምታወርድ ነጋዴ፣ አዌቱ ወንዝ ዳር ቤት ያለው አባወራ የሚጠይቁት አንድ ነው፦ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ በየት በኩል፣ ምን ያህል?

የጅማ ክረምት ደግሞ የሰሜኑ ክረምት አይደለም። "ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት" የሚለው አባባል ለሰሜኑ ደጋ ይስማማ ይሆናል። እዚህ ዝናቡ በበልግ ይጀምራል፣ በሐምሌና በነሐሴ ይበረታል፣ መስከረምን ይሻገራል። በዓመት በአማካይ ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ በሚወርድበት አገር "ይዘንባል" የሚለው ቃል ብቻውን ወሬ አይሆንም። ወሬ የሚሆነው ሰዓቱ ነው።

ሰዓቱን መናገር የሚቻለውም ነጎድጓዱ የራሱ የቀን ሥርዓት ስላለው ነው። በክረምት እርጥቡ አየር ከጊኒ ባሕረ ሰላጤና ከኮንጎ ተፋሰስ አቅጣጫ፣ ከደቡብ ምዕራብ፣ ወደ ምድር ተጠግቶ ይነፍሳል። ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ማለዳ በቦዬ ረግረግና በግልገል ጊቤ ሸለቆ ላይ ጉም ይተኛል። ረፋዱ ላይ ፀሐይ ጉሙን ታነሳለች፣ መሬቱ ይሞቃል፣ እርጥቡ አየር ዳገቱን ተከትሎ ወደ ላይ ይወጣል። 6 ሰዓት ገደማ በጅሬን አናት ወይም በዴዶ ከፍታዎች በኩል የጥጥ ክምር የመሰለ ደመና ይቆማል። የደመናው አናት እንደ አበባ ጎመን ጠርዙ ጥርት ብሎ ከታየ ገና እያደገ ነው። ጠርዙ ሲደበዝዝ፣ አናቱ እንደ ተነጨ ሱፍ ሲሳሳና ወደ ጎን እንደ ምጣድ ሲዘረጋ ግን ላይኛው ክፍሉ በረዶ ሆኗል ማለት ነው። በውስጡ ትንንሽ የበረዶ ቅንጣቶችና ከባድ የበረዶ እንክብሎች እየተጋጩ አዎንታዊና አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙልን ይለያሉ፤ መብረቁ የሚወለደው እዚያ ነው። ይህን ያየ ሰው ጥቁሩ ደመና እስኪደርስበት መጠበቅ የለበትም።

አብዛኛው ነጎድጓድ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ባለው ይወርዳል፤ አንዳንዱ ወደ ማታ ይዘልቃል። አንዱ የደመና ግንብ ተነስቶ እስኪፈርስ ብዙ ጊዜ ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል። ታዲያ "አለፈ" ብለን ስንወጣ ሁለተኛው ለምን ይመጣል? ከፈረሰው ደመና ሥር የሚወጣው ቀዝቃዛ አየር በመሬት ላይ እንደ ፈሰሰ ውሃ ይንሰራፋና የጎረቤቱን ሞቃት አየር ከሥሩ ገፍቶ ያነሳዋል፤ ስለዚህ ቀጣዩ ደመና አጠገቡ ይበቅላል። ከዝናቡ በፊት በር የሚያንኳኳው፣ አቧራና ቅጠል የሚያነሳው ቀዝቃዛ ነፋስ ይኸው ነው። እሱ ከነፈሰ በኋላ ያለው ጊዜ በደቂቃዎች የሚቆጠር ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። እርጥበቱ ከደቡብ ምዕራብ ስለሚመጣ ዝናቡም ከዚያ ይመጣል ተብሎ ይጠበቃል። በክረምት ግን ከፍ ባለው የአየር ክፍል ነፋሱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ነው፤ ረጅሙን ደመና የሚነዳው ደግሞ የላይኛው ነፋስ ነው። ስለሆነም ትልልቁ ነጎድጓድ ብዙ ጊዜ ከሰርቦና ከሶኮሩ አቅጣጫ፣ ከምሥራቅ በኩል፣ ይገባል። በሩ ወደ ምዕራብ የሆነ ሰው ወጣ ብሎ ምሥራቁን ካላየ ደመናው ከጀርባው ይደርስበታል።

አሁን ወደ ጥያቄያችን። ትንበያ አዘጋጆች ይህን ሁሉ ከኛ በላይ ታውቃላችሁ። ሜቴኦሳት ከተባሉት ሳተላይቶች የሚደርሰው የደመና ምስል በየ15 ደቂቃው የሚታደስ ነው፤ በታህሳስ 2015 ዓ.ም የመጠቀው የአዲሱ ትውልድ ሳተላይት በየ10 ደቂቃው ምስል ከመላኩም በላይ መብረቅን ራሱን የሚያይ መሣሪያ ተሸክሟል፤ አፍሪካም በዕይታው ውስጥ ናት። እውቀቱ አለ፤ የሚጎድለው አነጋገሩ ነው።

የሳምንቱ ሰባት ቀናት እኩል እምነት አይጣልባቸውም፤ ትንበያው ግን ሰባቱንም በአንድ ድምፅ ያነባቸዋል። አንድ ነጎድጓድ በየትኛው ሰፈር እንደሚወርድ በርግጠኝነት መናገር የሚቻለው ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ሲቀረው ነው። ነገና ከነገ ወዲያ ከሰዓት በኋላ በየትኛው ወረዳ ያይላል የሚለውን በጥሩ ግምት መናገር ይቻላል። በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን "ከተለመደው ይበረታል ወይስ ይለሰልሳል" ማለት ይበቃል። ከአምስተኛው ቀን ወዲያ ያለው አዝማሚያ ብቻ ነው። እባካችሁ ይህን ልዩነት በግልጽ ንገሩን። እሁድ ማታ የተነበበውን ይዞ ለሐሙስ ገበያ የሚወስን ሰው በአዝማሚያ ላይ እየወሰነ መሆኑን ይወቅ፤ ረቡዕ ማታ ደግሞ የታደሰ ይድረሰው።

"በአብዛኛው ቦታዎች"፣ "በጥቂት ቦታዎች" የሚሉትም ቃላት ይብራሩ። እነዚህ የስፋት ቃላት ናቸው፤ ሰሚው ግን የቆይታ አድርጎ ይወስዳቸዋል። "በጥቂት ቦታዎች ከባድ ዝናብ" ሲባል "ትንሽ ዘንቦ ያባራል" ብሎ የሚረዳ ሰው ብዙ ነው። ነጎድጓድ ስፋቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ስለሆነ በ"ጥቂት ቦታ" ውስጥ የወደቀ ሰፈር ሙሉውን ይቀበላል፤ ጎረቤቱ አቧራው እንኳ ላይጠፋለት ይችላል።

ምን ዓይነት አነጋገር እንደምንፈልግ አንድ ናሙና እናስቀምጥ። ይህ ለአብነት የተጻፈ እንጂ የየትኛውም ቀን ትንበያ አይደለም፦

"ሐሙስ። እስከ 6 ሰዓት ደረቅ። ከ8 እስከ 11 ሰዓት በዴዶ፣ በሰቃ ጨቆርሳና በጅማ ከተማ ነጎድጓድ ይጠበቃል፤ ከአሥር ቦታ ስድስቱን ያገኛል ብለን እንገምታለን። ባገኘበት ቦታ ከ15 እስከ 35 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ አብዛኛው በአንድ ሰዓት ውስጥ ነው። በከፍታ ቦታዎች በረዶ ሊኖር ይችላል። መሬቱ ካለፉት ሦስት ቀናት ዝናብ የተነሳ ውሃ ጠግቧል። ይህ መረጃ ረቡዕ ማታ 1 ሰዓት ይታደሳል።"

ሲነበብ ግማሽ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ጅማ ላይ በአፋን ኦሮሞም መነበብ አለበት፤ "በከካ" (መብረቅ) የሚለውን ቃል በቋንቋው የሰማ እረኛ ከብቱን ቶሎ ይሰበስባል።

ሚሊ ሜትሩንም ለሕዝቡ ፍቱለት። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። በአገራችን ትንበያ "ከባድ" የሚባለው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ ሲወርድ ነው። 40 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ያለው ቤት 30 ሚሊ ሜትር ሲወርድበት 1,200 ሊትር ይቀበላል፤ በየ200 ሊትሩ በርሜል ስድስት በርሜል መሆኑ ነው። አሸንዳና ሮቶ ላለው ሲሳይ ነው፤ ከጎረቤቱ ግድግዳ ሥር ለሚለቀው ግን የቤት መፍረስ። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ዳገት ላይ ያው 30 ሚሊ ሜትር ወርዶ ግማሹ ቢፈስ 15,000 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ 10,000 ሊትር የሚይዝ ቦቴ 1,500 ጊዜ እንደመገልበጥ ነው። ያ ውሃ ቀኑን ሙሉ ተከፋፍሎ ቢወርድ አዌቱ ይሸከመዋል። በአንድ ሰዓት ከመጣ አይሸከመውም። ለዚህ ነው የ24 ሰዓቱ ድምር ብቻውን የማይበቃን።

ስለ ጎርፍ ለከተማው ነዋሪና ለቀበሌዎች የምንለው ይህ ነው። ውሃው የሚመጣው ከራሳችን ሰማይ ብቻ አይደለም። በሐምሌ 1998 ዓ.ም መጨረሻ ድሬዳዋን ሌሊት የመታት፣ ከ200 በላይ ሰው የገደለው ጎርፍ ከላይ ከሐረርጌ ደጋ የወረደ ነው። ከጅሬን ጀርባ ደመናው ጠቁሮ እኛ ሰፈር ፀሐይ ቢሆንም አዌቱ ሊሞላ ይችላል። ውሃው ድንገት ሲደፈርስ፣ ጭራሮና ፌስታል ይዞ ሲመጣ፣ ልጆችን ከዳር አውጡ፤ ልብስ የሚያጥብም ይነሳ። እስከ ቁርጭምጭሚት ብቻ የደረሰ፣ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ፈጣን ውሃ ትልቅ ሰው ይጥላል፤ 30 ሴንቲ ሜትር ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል፣ ባጃጅማ ከዚያም በታች ይወስዳታል።

የጎርፍ መውረጃ ቦይ የሚጠረገው ከ5 ሰዓት በፊት ነው። ዝናቡ ከጀመረ በኋላ እጅ መክተት ለአደጋ ነው። ቦዩ ሁሉ እኩል አይደለም፤ ቅድሚያ መንገድ አቋርጦ ለሚያልፈው የቱቦ አፍ ይሰጥ። እዚያ ሁለት ሦስት ሃይላንድና አንድ ፌስታል ከተጋደሙ ቅጠልና ጭቃ ይከመርባቸዋል፣ ውሃው ወደ ኋላ ተመልሶ አስፋልቱን ይሻገራል፣ ከዚያ በየግቢው ይገባል። የተጠረገውን ጭቃ ከቦዩ ዳር ከምሮ መሄድ ደግሞ አለመጥረግ ነው፤ የዚያው ቀን ዝናብ መልሶ ይከተዋል። በጆንያ ሞልቶ ማንሳት የግድ ነው።

በተዳፋት ላይ ለሚኖሩት አንድ ከባድ ማሳሰቢያ አለን። በሐምሌ 2016 ዓ.ም አጋማሽ በጎፋ ዞን ከ200 በላይ ሰዎች ያለቁበት የመሬት መንሸራተት ብዙዎቹን የገደለው መጀመሪያ የተቀበሩትን ለማውጣት በተሰበሰቡበት፣ ሁለተኛው ናዳ ሲወርድ ነው። ዳገቱ አናት ላይ አዲስ ስንጥቅ ከታየ፣ ዛፍና አጥር ካዘነበለ፣ የምንጭ ውሃ ያለ ምክንያት ከደፈረሰ ወይም ከቆመ፣ ዝናቡ ቢያባራም ቤቱን ለቃችሁ ውጡ። ናዳ ከወረደ በኋላ አንድ ሰው ዳገቱን ብቻ ይመልከት፣ ሌሎቹ ይቆፍሩ፤ እሱ ሲጮህ ሁሉም ወደ ጎን ይሩጥ እንጂ ወደ ታች አይሩጥ።

መብረቅን በተመለከተ መቁጠር ይለመድ። ብልጭታው ከታየበት እስከ ነጎድጓዱ ድምፅ ያለውን ሰከንድ ቆጥራችሁ ለ3 ብታካፍሉት ርቀቱ በኪሎ ሜትር ይወጣል። 30 ሰከንድ ማለት 10 ኪሎ ሜትር ነው፤ መብረቅ ደግሞ ዝናቡ ካለበት 10 ኪሎ ሜትር ርቆም ይወድቃል። ስለዚህ 30 ሰከንድ ካልሞላ ወደ ቤት፤ ከመጨረሻው ድምፅ በኋላም ሙሉ 30 ደቂቃ ቆይቶ መውጣት። የኤሌክትሪክና የውሃ መስመር የተዘረጋለት የብሎኬት ቤት ከሁሉ ይሻላል፤ መስኮቱ የተዘጋ ሚኒባስም ያድናል። ባጃጅ ግን አያድንም፦ ጎኗ ክፍት፣ ጣሪያዋ ሸራ ነው። የጭቃ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ከምሰሶ፣ ከበርና ከገመድ ራቅ ብሎ መሀል ላይ እግሩን ገጥሞ በርጩማ ላይ ይቀመጥ። ዛፍ ሥር መጠለል በፍጹም። ዛፍ ሥር የቆሙ ከብቶች በአንድ ጊዜ የሚረግፉት መብረቁ ሁሉንም እየመታቸው አይደለም፤ በመሬት ውስጥ የሚሰራጨው ኤሌክትሪክ በፊትና በኋላ እግራቸው መካከል ስለሚያልፍ ነው። የእግራቸው ርቀት ሰፊ ስለሆነ፣ መንገዱም በልባቸው በኩል ስለሚሄድ ከሰው ይልቅ ይጎዳሉ።

የተመታ ሰው ኤሌክትሪክ አይዝም፤ ወዲያው ይነካ። አፈር ውስጥ መቅበርና ጭቃ መቀባት ሕይወት የሚተርፍበትን ደቂቃ ያባክናል። ካልተነፈሰ የደረቱን መሀል በሁለት እጅ መዳፍ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ መጫን፣ ማስተንፈስ የሚችል ካለ በየ30ው ጭነት ሁለት ትንፋሽ መስጠት፣ ሐኪም እስኪረከብ ያለማቋረጥ። ብዙ ሰው የተመታበት ከሆነ ቅድሚያ ዝም ላለው ይሰጥ፤ የሚጮኸው እየተነፈሰ ነው።

ቲቪ፣ ፍሪጅ፣ ዲቫይደር ከሶኬት የሚነቀለው ነጎድጓዱ ሩቅ ሳለ እንጂ ደጅ ከደረሰ በኋላ አይደለም። የዲሽ ገመዱም ይነቀል፤ ማብራት ጠፍቶ ሳለ ቲቪ የሚቃጠለው በእሱ በኩል ነው። ማብራት ሲመለስ ለፍሪጅ 5 ደቂቃ ስጡት።

በትምህርት ቤቶችና በትልልቅ ሕንፃዎች ላይ ስለተተከለው የመብረቅ መከላከያ ብረትም አንድ ነገር እንበል። የሚያድነው ብረቱ ሳይሆን ከሱ እስከ መሬት የሚወርደው ሽቦና ሥሩ የተቀበረው ዘንግ ነው። ሽቦው 50 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መዳብ፣ ያለ ሹል ማጠፊያ ቀጥ ብሎ የሚወርድ፣ በመሬት በኩል ያለው የኤሌክትሪክ ተቃውሞ (ሬዚስታንስ) ከ10 ኦም የማይበልጥ ሊሆን ይገባዋል። የተለመደው ብልሽት ሽቦው ለመዳቡ ሲባል ተቆርጦ መወሰዱ፣ አለዚያም መጋጠሚያው ዝጎ መላቀቁ ነው። ያኔ መብረቁ ወደ ብረቱ ከወረደ በኋላ መሄጃ አጥቶ ወደ ግድግዳውና ወደ ኤሌክትሪክ መስመሩ ይዘላል፤ ጨርሶ ባይተከል ይሻል ነበር። ትምህርት ቤት ሳይከፈት፣ በጳጉሜ፣ አንድ ኤሌክትሪሺያን ከላይ እስከ ታች በእጁ እየተከተለ ይመልከተው።

ለገበሬው አጭር ነው። ዩሪያ የሚበተነው መሬቱ እርጥብ ሆኖ ለዚያ ከሰዓት ከባድ ዝናብ ካልተጠበቀ ብቻ ነው፤ 30 ሚሊ ሜትር ከወረደበት ገንዘቡ ወደ ጊቤ ይወርዳል። የአረምና የቡና በሽታ መድኃኒት ጤዛው ከደረቀበት ከ3 ሰዓት ተነስቶ እስከ 5 ሰዓት ይረጭ፤ በዕቃው ላይ የተጻፈው መድረቂያ ሰዓት ከነጎድጓዱ በፊት ካልሞላ ለነገ ይተላለፍ። የጤፍ ዘርም ከባድ ዝናብ ከተባለ አንድ ቀን ቢዘገይ ይሻለዋል፤ ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ ጎርፍ ጠርጎ ታች ማሳ ላይ ያከማቸዋል።

የመጨረሻው ጥያቄያችን ሁላችንንም ይመለከታል። ነጎድጓድ ጠባብ ስለሆነ በአንድ ጣቢያ መለኪያ ዞኑን ማወቅ አይቻልም፤ በየትምህርት ቤቱ፣ በየገበሬ ማሰልጠኛው መለካት ይቻላል። ጎኑ ቀጥ ያለ የ2 ሊትር ሃይላንድ ላዩን ቆርጦ ገልብጦ እንደ ማንቆርቆሪያ አፍ እላዩ ላይ መግጠም፤ እንዳይወድቅ ሥሩ ጠጠር መጨመር፤ ጎኑ ቀጥ እስከሚልበት ውሃ ሞልቶ ያንን ዜሮ ብሎ ማስመር፤ ከዚያ በላይ በማስመሪያ ሚሊ ሜትር መለካት። አጠገቡ ያለ ዛፍ ወይም ቤት ቁመቱን ሁለት እጥፍ ያህል ይራቅ፤ ከቆርቆሮ ሥር መትከል መለካት አይደለም። በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ይነበብና ውሃው ወደ ዜሮው መስመር ይመለስ። ማክሰኞ ከሰዓት የወረደው ረቡዕ ጠዋት ስለሚነበብ ቀኑ እንዳይምታታ ሁለቱም ይጻፉ። ያልዘነበበት ቀን 0 ተብሎ ይጻፍ፤ ባዶ ከተተወ "አልለካሁም" ይሁን "አልዘነበም" ማንም አያውቅም።

አዘጋጆችም በየሳምንቱ መጀመሪያ፣ አዲሱን ከማንበባችሁ በፊት፣ ያለፈውን ሳምንት በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሩን፦ ምን ብላችሁ ነበር፣ ምን ወረደ። መሳሳታችሁን ስትናገሩ እምነታችን አይቀንስም፤ የትኛውን ቀን ምን ያህል ማመን እንዳለብን የምንማረው ከዚያ ነው። የሬዲዮ ጊዜ አጥሮ ግማሽ ደቂቃ ብቻ ከተሰጣችሁ ደግሞ የክልሎቹን ዝርዝር ተዉትና መጀመሪያ ሰዓቱን፣ ቀጥሎ ቦታውን፣ ቀጥሎ መጠኑን አንብቡልን። ከዚህ እሁድ ማታ ብትጀምሩ ለሐሙስ ገበያ ይደርሳል።

ከአክብሮት ጋር
ዝናቡን ከምንለካና ትንበያውን ከምንከታተል የጅማ ነዋሪዎች